ሦስት ድምፅ፣ አንድ ዕዳ፦ የዲክሲ ቺክስ «ቴኪንግ ዘ ሎንግ ዌይ» አልበም

ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2007 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በተካሄደው የግራሚ ሽልማት ላይ ዲክሲ ቺክስ የሚባለው የሦስት ሴቶች የካንትሪ ሙዚቃ ቡድን «ቴኪንግ ዘ ሎንግ ዌይ» በተባለው አልበሙ በአምስት ዘርፍ ታጭቶ አምስቱንም ወሰደ (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የዓመቱ አልበም፣ የዓመቱ ቅጂ (ለተቀዳው ድምፅ)፣ የዓመቱ ዘፈን (ለግጥምና ዜማው)፣ ምርጥ የካንትሪ አልበም፣ ምርጥ የካንትሪ ቡድን። ሦስቱ ትልልቅ ሽልማቶች በአንድ ሌሊት አንድ ቤት ሲገቡ ብዙ ጊዜ አይታይም።

አሁን ሌላውን ቁጥር ተመልከቱ። የዓመቱ ዘፈን የተባለው «ኖት ሬዲ ቱ ሜክ ናይስ» በአሜሪካው የሙዚቃ መጽሔት በቢልቦርድ የካንትሪ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ከ36ኛ ደረጃ አላለፈም። ሽልማቱን ጠራርጎ የወሰደው ዘፈን በራሱ ሰፈር፣ በካንትሪ ሬዲዮ ላይ እምብዛም አልተሰማም።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ተገፉ፣ ታገሉ፣ አሸነፉ» ተብሎ ነው። ለእኔ ግማሹ ብቻ ነው። አልበሙን ደጋግሜ ስሰማው ጎልቶ የሚወጣው ሌላ ነገር ነው። በ2003 አንዷ የኢራቅን ጦርነት ተቃውማ ተናገረች፣ ሦስቱ ከፈሉ። አንዷ የተናገረችውን ሦስቱ እንዴት አብረው እንደተሸከሙት በዘፈኖቹ ውስጥ ይሰማል።

ቡድኑ

ዲክሲ ቺክስ የተመሠረተው በ1989 ዳላስ ውስጥ ነው። ዳላስና አካባቢው ዛሬ ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት ስለሆነ ቦታውን የሚያውቅ አንባቢ አይጠፋም። መጀመሪያ አራት ሴቶች ነበሩ፤ መንገድ ጥግ ላይ ሳይቀር ይጫወቱ ነበር። ከመሥራቾቹ ሁለቱ እህትማማቾች ናቸው። ማርቲ ማጓየር ፊድል፣ ማለትም ቫዮሊን ትጫወታለች። ታናሿ፣ ያን ጊዜ ኤሚሊ ሮቢሰን የምትባለው፣ ባንጆና ዶብሮ የሚባሉትን የክር መሣሪያዎች ትጫወታለች። ናታሊ ሜይንስ የመጣችው በ1995 ነው። ቴክሳስ ውስጥ ያለችው የለቦክ ከተማ ልጅ ናት። አባቷ ሎይድ ሜይንስ ቴክሳስ ውስጥ በጣም የተከበረ የስቲል ጊታር ተጫዋች ነው።

ናታሊ ስትገባ ሁሉም ነገር ተቀየረ። «ዋይድ ኦፕን ስፔስስ» በ1998፣ «ፍላይ» በ1999 ወጡ። ሁለቱም አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዳቸው 10 ሚሊዮን ቅጂና ከዚያ በላይ ሄዱ። በ2002 የወጣው «ሆም» ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ 780 ሺህ ገደማ ተሸጠ። ጃንዋሪ 2003 የሱፐር ቦውል ጨዋታ ላይ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር የዘመሩት እነሱ ነበሩ። ከዚህ በላይ የአገር ልጅ መሆን ከየት ይመጣል?

ስለ ድምፃቸው አንድ ነገር ልበል፤ ኋላ ላይ ይጠቅመናል። በእኛ ሙዚቃ ዋና ድምፃዊና ተቀባይ የተለመደ ነው። ድምፃዊው ይመራል፣ ተቀባዮቹ ይመልሳሉ። የእነዚህ አዘፋፈን ከዚያ ይለያል። ናታሊ ዜማውን ትይዛለች። ማርቲና ኤሚሊ ያንኑ ቃል በዚያው ቅጽበት፣ በሌላ ከፍታ አብረዋት ይላሉ። በዚህ ዓይነት አዘፋፈን ማንም ለማንም አይመልስም። ሦስቱ አንድ ላይ ይናገራሉ።

ለንደን

ማርች 10 ቀን 2003 ለንደን፣ ሼፐርድስ ቡሽ ኤምፓየር በሚባለው አዳራሽ መድረክ ላይ ነበሩ። 2 ሺህ ገደማ ሰው የሚይዝ ቦታ ነው። የኢራቅ ጦርነት ሊጀመር የቀናት ጉዳይ ነበር። ናታሊ «ትራቭሊን ሶልጀር» የሚባለውን ዘፈን ስታስተዋውቅ ሁለት ነገር ተናገረች። ይህን ጦርነት አንፈልግም አለች። ፕሬዚዳንቱ ከቴክሳስ መሆናቸው ያሳፍረናል አለች። ጆርጅ ቡሽ ዋይት ሐውስ ከመግባታቸው በፊት የቴክሳስ ገዥ እንደነበሩ ልብ በሉ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ዘፈኑ ቀጠለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? የእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ ስለ ኮንሰርቱ በጻፈው ግምገማ ውስጥ ንግግሩን ጠቀሰው። ከዚያ ተነስቶ አትላንቲክን ተሻገረ።

በዚያ ሰሞን «ትራቭሊን ሶልጀር» የካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ነበር። ዘፈኑ ወደ ቬትናም ስለሄደ ወጣት ወታደርና ስለምትጠብቀው ልጅ ነው። ወታደሩ አይመለስም። ለወታደር የሚያለቅስ ዘፈን የሚዘፍኑ ሴቶች «የወታደር ጠላት» ተብለው ከሬዲዮ ወረዱ። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። «ላንድስላይድ» የሚባለው ሌላው ዘፈናቸው ደግሞ በዋናው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ10ኛ ወደ 43ኛ ወረደ።

ናታሊ በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠየቀች። የጠየቀችው ለቃሏ አገላለጽ ነበር፤ የፕሬዚዳንትነት ወንበር ሊከበር ይገባዋል አለች። የጦርነት ተቃውሞዋን ግን አልሻረችም። ይህ ማንንም አላረካም። ሉዊዚያና ውስጥ ሲዲዎቻቸውን ሰብስበው በትራክተር አስረገጡ። ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ውስጥ ዘፈናቸውን ያጫወቱ ሁለት የሬዲዮ ሰዎች ከሥራ ታገዱ።

ሬዲዮው ለምን ይህን ያህል ጉልበት ነበረው?

ያን ጊዜ ጦርነቱን የተቃወሙ ዘፋኞች ብዙ ነበሩ። የሮክ ዘፋኙ ብሩስ ስፕሪንግስቲን ለዲክሲ ቺክስ ተከራክሮ መግለጫ አውጥቷል። የእሱ ዘፈን ግን ከሬዲዮ አልወረደም። ልዩነቱ ያለው በገበያው ላይ ነው።

የካንትሪ ሙዚቃ ያን ጊዜ አንድ ዋና መንገድ ነበረው። ሬዲዮ። አድማጩ አዲስ ዘፈን የሚያገኘው በአብዛኛው መኪናው ውስጥ ነበር። ሬዲዮ ያላጫወተው ዘፈን ለካንትሪ አድማጭ እንዳልተወለደ ነው። ጣቢያውም አድማጩን አጥብቆ ይፈራል። አንድ ቀን ሙሉ ስልኩ በቁጣ ሲጮህ የጣቢያው ኃላፊ የሚያስበው ስለ ማስታወቂያ ገቢው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ባለቤትነት ነው። በ1996 የወጣው የአሜሪካ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ አንድ ኩባንያ በመላ አገሪቱ ሊይዘው የሚችለውን የሬዲዮ ጣቢያ ብዛት ገደብ አነሳ። ክሊር ቻናል የሚባለው ኩባንያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1,200 በላይ ጣቢያዎች ያዘ። ኩሙለስ የሚባለው ሌላ ኩባንያ ደግሞ በ42 የካንትሪ ጣቢያዎቹ ላይ ዲክሲ ቺክስን ለ30 ቀን አገደ። አንድ ቢሮ ውስጥ የተወሰነ ነገር በ42 ጣቢያዎች ተፈጻሚ ሆነ ማለት ነው። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ምክር ቤት ደረሰ። ጁላይ 2003 ሴናተር ጆን ማኬይን የመሩት የሴኔት ኮሚቴ የኩሙለስን አለቃና የቡድኑን ማናጀር ጠርቶ ጠየቀ። ማኬይን ራሳቸው ጦርነቱን የደገፉ ሰው ነበሩ፤ እገዳው ግን አሳሰባቸው።

አድማጩ ሁሉ ተቆጣ ብሎ ማሰብ ስህተት ይሆናል። ሜይ 1 ቀን 2003 ግሪንቪል፣ ሳውዝ ካሮላይና ላይ የአሜሪካ ጉዟቸውን ጀመሩ። ናታሊ መጮህና መቃወም ለሚፈልግ ሰው ጊዜ ሰጠች። የመጣው ጩኸት የድጋፍ ነበር። ቲኬቱ ግን የተሸጠው ከለንደን ምሽት በፊት ነው። ይህን አስታውሱት።

ከዚያ ዛቻው መጣ። ጁላይ 6 ቀን 2003 ዳላስ ውስጥ ናታሊ መድረክ ላይ እንደምትገደል የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰ። ፖሊስ ዛቻውን ከምር ወሰደው። ቡድኑ የተወለደበት ከተማ ነው። ዘፈኑ፤ በጥበቃ ገብተው በጥበቃ ወጡ።

ስቱዲዮ

አልበሙ የተሠራው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው፤ የካንትሪ ሙዚቃ ማዕከል ወደሆነችው ናሽቪል አልሄዱም። ፕሮዲዩሰሩ ሪክ ሩቢን ነው። ሩቢን በሂፕሆፕና በሮክ ያደገ ሰው ነው። ካንትሪው ትቶት የነበረውን ጆኒ ካሽን በስተርጅና እንደገና ያስነሳውም እሱ ነው። ከካንትሪ ሬዲዮ የተባረረን ሰው እንዴት እንደሚቀዱት ልምድ ነበረው ማለት ይቻላል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በግጥምና ዜማው ላይ ነው። በቀደሙት አልበሞች አብዛኛው ዘፈን የሌሎች ጸሐፊዎች ሥራ ነበር። ናሽቪል የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ጸሐፊዎች አሉ፣ ድምፃዊው ይመርጣል። በዚህኛው አልበም ግን 14ቱም ዘፈኖች ላይ የሦስቱ እጅ አለበት። ብዙውን የጻፉት ከውጭ ሰዎች ጋር ተቀምጠው ነው። ሴሚሶኒክ የሚባለው የሮክ ቡድን አባል ዳን ዊልሰን፣ ጄይሆክስ የሚባለው ቡድን አባል ጋሪ ሉሪስ፣ ሸሪል ክሮው፣ ኒል ፊን፣ ኬብ ሞ፣ ማይክ ካምቤል። ከበሮው ላይ የሮክ ቡድኑ የሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስ ቻድ ስሚዝ ተቀምጧል።

ለምን ራሳቸው ጻፉ? ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። የደረሰባቸውን ነገር ናሽቪል ያለ ጸሐፊ ከመሳቢያው አውጥቶ ሊሰጣቸው አይችልም። ቢችል እንኳ አይደፍርም ነበር።

ዘፈኖቹ

«ኖት ሬዲ ቱ ሜክ ናይስ» ከዳን ዊልሰን ጋር የተጻፈ ነው። ለመታረቅ ዝግጁ አይደለሁም ነው መልእክቱ። በጊታር ብቻ፣ በዝቅተኛ ድምፅ ይጀምራል። ናታሊ ለብቻዋ ናት። ይቅር ማለት ጥሩ ይመስላል፣ መርሳት ግን እርግጠኛ አይደለሁም ትላለች። ቀስ እያለ ቫዮሊኖቹ ይገባሉ። አዝማቹ ላይ ሁለቱ እህትማማቾች ይቀላቀላሉ። መካከሉ ላይ ስለ ዛቻው ደብዳቤና ልጇን መጥላት ስለምታስተምር እናት ይነሳል፤ እዚያ ጋ ድምፁ ይፈነዳል። መጨረሻው ላይ ተመልሶ ወደዚያ ዝቅተኛ ጅማሬ ይወርዳል። ቁጣው ወጣ እንጂ አላለቀም።

እኔ የማደንቀው አዝማቹን ነው። ግጥሙ «እኔ» ይላል፤ አንድ ሰው ነው የሚናገረው። የሚሰማው ግን ሦስት ድምፅ ነው። ለንደን ላይ የተናገረችው ናታሊ ብቻ ነበረች። ማርቲና ኤሚሊ «እኛ አልተናገርንም» ማለት ይችሉ ነበር። የመሠረቱትን ቡድን ይዘው መሄድ፣ ሌላ ዘፋኝ መቅጠርም ይችሉ ነበር። ከዚያ በፊት ድምፃዊ ቀይረው ያውቃሉ። አላደረጉትም። ይልቅ «እኔ» የሚለውን ቃል አብረዋት ዘፈኑ። ባርባራ ኮፕልና ሴሲሊያ ፔክ በሠሩት «ሻት አፕ ኤንድ ሲንግ» ዘጋቢ ፊልም ላይ ማርቲ እያለቀሰች ትታያለች። ናታሊ አሁንም ራሷን ትወቅሳለች ስትል ማርቲ ትናገራለች። ለናታሊ ሰላም የሚሰጣት ከሆነ ይህን ሥራ ትቼ እሄዳለሁም ትላለች። ፊልሙን ያየ ሰው አዝማቹን በሌላ ጆሮ ይሰማዋል።

ስለዚህ አልበም የሚወራው ሁሉ ስለዚህ አንድ ዘፈን መሆኑ ያናድደኛል። የቀሩት 13 ዘፈኖች ብዙ ነገር ይዘዋል። «ሶ ሃርድ» ልጅ መውለድ ስለከበደባቸው ጥንዶች ነው። እህትማማቾቹ ሁለቱም ያለፉበት ፈተና ነው፤ በግልጽ ተናግረውበታል። ስለ መካንነት በካንትሪ ሙዚቃ በዚህ ቀጥተኛነት መዝፈን ያልተለመደ ነበር። እኛም ዘንድ ይህ ጉዳይ በሹክሹክታ የሚወራ ስለሆነ ዘፈኑ ለብዙ የአገሬ ሰው ቅርብ ይመስለኛል። «ሳይለንት ሃውስ» የማስታወስ ችሎታው እየከዳው ስላለ ሰው ነው። «ኢዚ ሳይለንስ» የዓለም ጫጫታ ሲበዛ ቤት ውስጥ ስለሚገኝ ጸጥታ፣ ስለ ትዳር አጋር ነው። «ለቦክ ኦር ሊቭ ኢት» ናታሊ የተወለደችበትን ከተማ በሮክ ጊታር የምትሞግትበት ነው። «አይ ሆፕ» መጀመሪያ የተሰማው በሴፕቴምበር 2005 ለካትሪና አውሎ ነፋስ ተጎጂዎች ገንዘብ ሲሰባሰብ ነው።

የመጀመሪያው ዘፈን «ዘ ሎንግ ዌይ አራውንድ» ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ተለይታ ረጅሙን መንገድ የመረጠች ሴት ታሪክ ነው። ጓደኞቿ የወጣትነት ፍቅረኞቻቸውን አገቡ፤ ወላጆቻቸው በሚኖሩበት ሰፈር ቤት ገቡ። እሷ መንገድ ላይ ቀረች። አልበሙ በዚህ መጀመሩ ትክክል ነው። ከቁጣው በፊት ሰውየዋን ያስተዋውቀናል።

ደካማ ጎን የለውም አልልም። 14 ዘፈን ይበዛል። መሃል ላይ ፍጥነታቸው የሚመሳሰል ዝግ ያሉ ዘፈኖች ይከማቻሉ። «ሆም» ላይ ፊድሉና ባንጆው ፊት ለፊት ነበሩ፤ እዚህ በኤሌክትሪክ ጊታርና በከበሮ ተሸፍነው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ማርቲና ኤሚሊን የሚያህሉ ተጫዋቾች ይዞ መሣሪያቸውን ዝቅ ማድረግ ለእኔ ኪሳራ ነው። ድምፃቸው ግን ከየትኛውም አልበማቸው በላይ እዚህ ይቀራረባል።

ሒሳቡ

አልበሙ ሜይ 23 ቀን 2006 ወጣ። በመጀመሪያው ሳምንት 526 ሺህ ገደማ ተሸጠ፤ በቢልቦርድ 200 አንደኛ ሆኖ ገባ። ካንትሪ ሬዲዮ ሳያጫውተው ማለት ነው። መጽሔቶች፣ ቴሌቪዥንና ኢንተርኔት የሬዲዮውን ቦታ ያዙ። ታይም መጽሔት የፊት ገጹን ሰጣቸው። በዚያው ታይም ላይ ናታሊ የ2003ቱን ይቅርታዋን መልሳ ወሰደች። አልበሙ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ሁለት እጥፍ ፕላቲነም (2 ሚሊዮን ቅጂ) ሆነ።

የኮንሰርቱ ሒሳብ ግን ሌላ ነው። የ2006ቱ ጉዞ ቲኬት በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊና መካከለኛ ግዛቶች ባሉ ከተሞች አልሸጥ አለ። አንዳንዶቹ ኮንሰርቶች ተሰረዙ፣ ሌሎቹ ተላለፉ፣ ካናዳ ውስጥ ቀኖች ተጨመሩ። የ2003ቱ ጉዞ ሞልቶ ነበር፤ ቲኬቱ ከንግግሩ በፊት ተሽጦ ስለነበር። የቁጣው ትክክለኛ መጠን የታየው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የሚገባኝ ይህ ነው። አልበሙ የተገዛው ብዙውን ጊዜ በአዲስ ሰዎች ነው። በከተማ ልጆች፣ በሮክ አድማጮች፣ ጦርነቱን በተቃወሙ ሰዎች። እነዚህ ሲዲውን ይገዛሉ፤ ኦክላሆማ ውስጥ ያለን አዳራሽ ግን አይሞሉም። ያንን አዳራሽ የሚሞሉት የድሮዎቹ ናቸው። እነሱ አልተመለሱም። ያን ጊዜ ደግሞ የሕዝቡ ስሜት ራሱ ተለውጦ ነበር፤ በ2006 ከአሜሪካውያን አብዛኞቹ የኢራቁን ጦርነት ስህተት ነው ማለት ጀምረው ነበር። ሐሳባቸው ተለውጦም ቂማቸው አልተለወጠም።

ግራሚን የሚመርጡት የሙዚቃ ባለሙያዎች ናቸው፤ የካንትሪ ጣቢያ ኃላፊዎች አይደሉም። ያን ምሽት ቡድኑን ወደ መድረክ የጋበዘችው ጆን ቤዝ ነበረች፤ በቬትናም ዘመን ጦርነትን በመቃወም የታወቀችው ዘፋኝ። ከሽልማቱ በኋላ «ኖት ሬዲ ቱ ሜክ ናይስ» በዋናው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ 4ኛ ሆኖ ተመለሰ። የካንትሪ ጣቢያዎች አሁንም ዝም አሉ።

ከዚያ ወዲህ

ቀጣዩ የስቱዲዮ አልበማቸው «ጋዝላይተር» የወጣው በጁላይ 2020 ነው፤ ከ14 ዓመት በኋላ። በመካከሉ እህትማማቾቹ ኮርት ያርድ ሃውንድስ በሚል ስም ለብቻቸው ሠርተዋል፤ ናታሊም የራሷን አልበም አውጥታለች። በ2020 «ዲክሲ» የሚለውን፣ የባርነት ዘመኑን የአሜሪካ ደቡብ የሚያስታውስ ቃል፣ ከስማቸው አንስተው «ዘ ቺክስ» ተባሉ። በ2016 ከቢዮንሴ ጋር በካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር ሽልማት መድረክ ላይ ሲቀርቡ የነበረው ቁጣ ቂሙ እንዳልሞተ አሳይቷል።

ናሽቪል ውስጥ የቀረው ትምህርት ፍርሃት ነው። ቴይለር ስዊፍት በ2020 በወጣው ዘጋቢ ፊልሟ ላይ ወጣት የካንትሪ ዘፋኝ ሳለች «እንደ ዲክሲ ቺክስ እንዳትሆኚ» እየተባለች እንዳደገች ተናግራለች። ያች ልጅ በ2019 እናቷ ሲታመሙ ለጻፈችው ዘፈን አብረዋት እንዲዘፍኑ የጠራችው እነዚህኑ ሦስት ሴቶች ነው።

አልበሙን ሰምታችሁት ለማታውቁ አንድ ምክር አለኝ። በታዋቂው ዘፈን አትጀምሩ። «ዘ ሎንግ ዌይ አራውንድ»ን አስቀድሙ፣ «ኢዚ ሳይለንስ»ን ተከትላችሁ ስሙ፣ ከዚያ ወደ «ኖት ሬዲ ቱ ሜክ ናይስ» ግቡ። አዝማቹ ሲመጣ ናታሊን ተዉና ማርቲንና ኤሚሊን ፈልጉ። ጆሮ ማዳመጫ ብታደርጉ በቀላሉ ታገኟቸዋላችሁ።